ሸራ ወይስ ቆርቆሮ? ሁለት ኤም ጂ ቢ ነዳሁ፣ አንዷን ገዛሁ

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት በሦስት ዓመት ነው። ለኤም ጂ ቢ ብዬ። የማታውቋት ካላችሁ፣ እንግሊዞች ከ1962 እስከ 1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ የሠሯት የስፖርት መኪና ናት። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስለዚህ ብርቅ አይደለችም። መለዋወጫዋ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ ዋጋውም ኪስ አይቀድም። ሙሉ ቦዲዋ እንኳ ከ1988 ጀምሮ እንደገና እየተመረተ ይሸጣል። በእኔ ዓይን ግን ከእሷ የምታምር መኪና የለችም።

ያስቸገረኝ ሁለት ዓይነት መሆኗ ነው። አንደኛዋ ሮድስተር ትባላለች። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ይታጠፋል። ሁለተኛዋ ጂ ቲ ናት። በ1965 የመጣች፣ ጣሪያዋ ላሜራ፣ ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ያላት። የጣሪያዋ ቅርፅ ላይ የጣሊያኖቹ የመኪና ቅርፅ ነዳፊዎች የፒኒንፋሪና እጅ አለበት፤ ከጎን ስታዩት ያስታውቃል። ሞተራቸው አንድ ነው፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ። ካምቢዮአቸው፣ ፍሬናቸው፣ መሪያቸው አንድ ነው። ከወገብ በታች እህትማማቾች ናቸው። ከወገብ በላይ ግን ሌላና ሌላ።

ልቤ ሸራዋ ላይ ነበር። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው ሶማሌ ተራ አካባቢ በነበረው በአጎቴ ጋራዥ ነው። ፊያት 1100 ሲፈታ፣ ቮልስዋገን ሲገጠም እያየሁ፣ ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ እየፈተግኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ጣሪያ የሌላት ትንሽ ቀይ መኪና ለጥገና ገባች። አጎቴ «ግባና መሪዋን ያዝ» አሉኝ። እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም ነበር። ቀና ስል ከላይ ሰማዩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ያቺ ከሰዓት ከውስጤ አልወጣችም።

እና ገንዘቡ ሲሞላ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው።»

«እሰይ! ምን ዓይነት?»

«የድሮ። የእንግሊዝ። ጣሪያዋ የሚገለጥ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እዚያ አገር ሁሌ ይዘንባል አይደል እንዴ የምትለኝ?»

«ይዘንባል።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ግን ስማኝ ልጄ፣ ቀለም አትይ። ማግኔት ይዘህ ሂድ። ላሜራ ማግኔት ይይዛል፣ ስቱኮ አይይዝም።»

ማግኔቷን ከፍሪጃችን በር ላይ ነቀልኳት። ቀለም እንዳትጭር በቁራጭ ነጠላ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ወደ ኬንት ሄድኩ። ሮድስተሯ የ1971 ናት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሽቦ ቸርኬ፣ ፓራውልቷ ክሮም። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ 19 ዓመት ይዘዋታል። የጠየቁት 12 ሺህ ፓውንድ ነው።

ሸራውን ሲገልጡት ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ በላይ ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ፈቱ። ከዚያ በጎንና ከኋላ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ አላቀቁ። ከዚያ የኋላውን ፕላስቲክ መስኮት በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ደገፍ አድርገው፣ እጥፋት እንዳያገኘው በመሀሉ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው አስተኙት። በብርድ ቀን ከታጠፈ ይሰነጠቃል አሉኝ። መስኮቱ ላይ ግን አሮጌ እጥፋቶች ነበሩ፤ ቢጫ ሆነዋል። በእነሱ በኩል ከኋላ የሚመጣ መኪና እንደ ጥላ ነው የሚታየው።

ቁልፉን ግማሽ ስታዞሩ ከኋላ በቀኝ በኩል ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። የቤንዚን ፓምፑ ነው። ሁለቱ ካርቡራተሮች ሲሞሉ ዝም ይላል። ታንከሩ ቤንዚን እያለው ፓምፑ ዝም ካላለ፣ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላልና አታስነሱ። ከዚያ ቾኩን ሳብ፣ ቁልፉን ዞር። ሞተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ።

እንዲህ ያለ ደስታ ከጠበቃችሁ ሸራዋ አታሳፍራችሁም። የኬንት የገጠር መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራ ቀኙ የቁጥቋጦ አጥር። የማርሚታው ድምፅ አጥሩን መትቶ ይመለሳል። ክርኔን በሩ ላይ አሳረፍኩ። በጎች የዋሉበት ሜዳ ሽታ፣ አዲስ የታጨደ ሣር ሽታ፣ የአንድ ቤት ጭስ ማውጫ ሽታ ተራ በተራ መጣ። ማርሽ መቀየሪያው አጭር ነው፤ በእጅ አንጓ ብቻ ይገባል። በሰዓት 40 ማይል ስትነዱ 80 የሄዳችሁ ይመስላችኋል። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ፈገግ ይላሉ። እኔ የዚያች የቀይዋ መኪና ልጅ ሆኛለሁ።

ዋናው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ነገሩ ተለወጠ። 60 ማይል ላይ ነፋሱ ንግግር ይሰርቃል። ሽማግሌው የሆነ ነገር ነገሩኝ፤ ሦስቴ «ምን አሉኝ?» አልኳቸውና ተውኩት። መንገዱ ትንሽ ሻከር ሲል ዳሽቦርዱና መሪው ይርገበገባሉ። ጣሪያ የሌለው መኪና ከላይ የሚያስረው ነገር የለም፤ ክዳን እንደሌለው የጫማ ካርቶን ነው፣ ይጠመዘዛል። ይህ የእሳቸው መኪና ጥፋት አይደለም። ሮድስተር ሁሉ ይብዛም ይነስም አለበት።

ከዚያ ዘነበ። ዳር ይዘን ቆምን። እሳቸው ልማድ ስላላቸው በአራት ደቂቃ ሸራውን መልሰው ወጠሩት። እኔ ብሆን ዐሥር ይፈጅብኝ ነበር። ከዚያም በኋላ የበሩ መስታወትና ሸራው ከሚገናኙበት ጥግ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ቀኝ ጉልበቴ ላይ። ቤታቸው እስክንደርስ ሱሪዬ ላይ ጀበና የተቀመጠበት የሚመስል ክብ ሠራ።

እንዲያም ሆኖ ልገዛት ነበር። እውነቴን ነው። ያቆመኝ ማግኔቷ ናት።

ይህን ቦታ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። ኤም ጂ ቢ ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላትም። ቦዲዋ ራሱ ነው አጥንቷ። ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ላሜራ አለ፤ እኔ ደፍ እለዋለሁ። ሮድስተር ላይ ፊትና ኋላዋን ቀጥ አድርጎ የሚያስራት በዋናነት ይኸው ደፍ ነው። በክረምት እዚህ አገር መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨውና ውሃ ደፉ ውስጥ ይገባሉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከውጭ ስታዩት ግን ስቱኮ ተሞልቶ፣ ተፈግፍጎ፣ ቀለም ተቀብቶ እንደ መስታወት ያበራል።

ተንበርክኬ ማግኔቷን ከሾፌሩ በር ሥር ጀመርኩ። ያዘች። ጎተት ሳደርጋት ተከተለችኝ። በሌላው በኩል ዞርኩ። ከፊት ጎማው አንድ ክንድ ያህል ሄዳ ወደቀች። አንስቼ መለስኳት፣ እንደገና ወደቀች። ከዚያ ቀና ብዬ በሩን አየሁ። በበሩና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከታች ጣት ያስገባል፤ ከላይ ግን ወረቀት አያስገባም። መሀሏ ላይ ጎብጣለች ማለት ነው። ሽማግሌው አላታለሉኝም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ሥራው ከእሳቸው በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ደፍ ቆርጦ ለመቀየር የጠየቅኩት በያጅ 3,500 ፓውንድ አለኝ። ቀለሙ ሳይጨመር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ደፍ ሲቆረጥ መኪናዋ በትክክል ተደግፋ በሩ እንደተገጠመ መሆን አለበት። ጎብጣ እያለች ከተበየደች ጎባጣነቷ ለዘላለም ነው። በያጁን ይህን ጠይቁት። መልሱ ካላጠገባችሁ ጥላችሁ ውጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ጂ ቲዋን ለማየት ወደ ኦክስፎርድሸር ሄድኩ። ባለቤቴም አብራኝ ነበረች፤ ከዚያ ሬዲንግ ለክርስትና ተጠርተናል። መንገዳችን በአቢንግደን በኩል አለፈ። ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል፣ ግን ከተማዋን ሳልፍ ዝም አልኩ።

ጂ ቲዋ የ1973 ናት፣ ሰማያዊ። የተጠየቀው 7,500 ፓውንድ። በአንድ ዘመን ከተሠሩ ሁለት እኩል ደህና መኪኖች ጂ ቲዋ በጣም ትረክሳለች፤ ገበያው ሸራ ይወዳል። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይህ በረከት ነው።

ማግኔቷ በግራም በቀኝም ከዳር እስከ ዳር ያዘች። በጂ ቲ ላይ ጣሪያው ራሱ ፊትና ኋላዋን ስለሚያስራት ቶሎ አትጎብጥም። አትዝግም ማለት ግን አይደለም። እሷም ደፏ ይበላል። የፊት ፓራፋንጎዎቹ ጫፍ፣ ከበሩ በስተኋላ ያለው ጥግ፣ የኋላው በር የታችኛው ጠርዝ ይታዩ። ይህቺኛዋ የኋላ በሯ ጠርዝ ላይ እንደ ባቄላ የሚያህሉ ሁለት እብጠቶች ነበሯት። ሌላው ደህና።

መንዳቱስ? ከሮድስተሯ በመቶ ኪሎ ገደማ ትከብዳለች። መብራት ላይ ስትነሱ ይታወቃል፤ ሮድስተሯ ትቀድማታለች። አውራ ጎዳና ላይ ግን ጣሪያዋ ነፋሱን ስለሚሰነጥቅ ጉልበቷ አያልቅም። ይህቺ ኦቨርድራይቭ የሚባል፣ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ አላት፤ በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ ላይ በጣት ብቻ የሚገባ። 60 ላይ ቁልፉን ነካ ሳደርገው የሞተሩ ድምፅ ሸክም እንዳወረደ ሰው እፎይ አለ። ኤም ጂ ቢ ሁሉ ይህ አላት ማለት አይደለም። ያላትን ፈልጉ፤ ተጨማሪ ብር ቢያስከፍላችሁም።

ባለቤቴ አጠገቤ በተለመደው ድምፅዋ ታወራለች። ስለ ክርስትናው፣ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደተቀየመ። ሁሉንም ሰማሁ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነው። ፀጉሯን የተሠራችው በዚያው ጧት ነው፤ አንድም ነገር አልሆነም። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መኪና የምገዛው ብቻዬን ልነዳ አይደለም።

ስንመለስ ባለመኪናው ኮፈኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ፣ እሷ ወደ እኛ መኪና ሄዳ እንጀራ የያዘውን ሌማት ይዛ መጣች። የጂ ቲዋን የኋላ በር አስከፈተች፣ የኋላውን ወንበር አስተኛች፣ ሌማቱን አስቀመጠች። ተዘረጋ። አጠገቡ አገልግሉን ጨመረች። አሁንም ቦታ አለ። በሩን ዘጋችው፤ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ተጠባባቂው ጎማ ከወለሉ ሥር ስለተደበቀ ከላይ ያለው ሜዳ ነው። ኬንት ያየኋት ሮድስተር ሻንጣ ውስጥ ግን ጎማው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ለአንድ ቦርሳ ነው የሚተርፈው።

«ይቺ ናት» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

የጂ ቲዋን ጉድለት ልደብቅ አልፈልግም። የኋላው ወንበር ወንበር ተብሎ ይጠራ እንጂ የትልቅ ሰው ጉልበት አይገባበትም፤ ለትናንሽ ልጆች ወይም ለዕቃ ነው። በሐምሌ ሙቀት ያ ሰፊ የኋላ መስታወት ፀሐይ ይሰበስባል። የሞተሩም ሙቀት ከፊት ይመጣል። የጎን የኋላ መስኮቶቿ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ያግዛሉ፣ ግን ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። በእነዚያ ቀናት ኬንትን አስባታለሁ። እውነት ነው፣ አስባታለሁ።

ለሮድስተር የሚሆን ተነቃይ ጠንካራ ጣሪያ አለ፤ ሁለቱንም አገኛለሁ የሚል ሰው ያማልለዋል። እኔንም አማሎኝ ነበር። ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። የተነሣውን ደግሞ የሚያስቀምጡበት ቦታ ይፈልጋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ የሚኖር ሰው የት ያደርገዋል? ደግሞ ያለ ጣሪያው ወጥታችሁ ዝናብ ቢይዛችሁ ያው ሸራው ነው።

ዓመቱንም አስተውሉ። ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የወጡት በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ክሮሙ ቀርቶ ትልቅ ጥቁር ፓራውልት ተደርጎላቸዋል፤ ከመሬትም ከፍ ተደርገዋል። ይረክሳሉ፤ ኩርባ ላይ ግን የበለጠ ያጋድላሉ። ጂ ቲዋ ከ1974 በኋላ አሜሪካ አልተሸጠችም። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ወይም ዲሲ ያላችሁ ወገኖች በብዛት የምታገኙት ሮድስተር ነው። ካሊፎርኒያ ከሆናችሁማ ምን ትፈልጋላችሁ፣ ሸራዋን ግዙ! ጨው የለ፣ ዝናብ የለ። እዚህም ቢሆን የተዘጋ ጋራዥና ለሥራ የሚሆን ሁለተኛ መኪና ላለው፣ ደፏ ጤነኛ የሆነች ሮድስተር ካገኘ፣ አትግዛ አልለውም።

እኔ ግን መኪናዬ መንገድ ዳር ነው የምታድረው። ሸራ በምላጭ ይቀደዳል። ሌሊት መስኮት ላይ እየቆምኩ ማየት አልፈልግም።

ለለንደን ሰዎች ደስ የሚል ወሬ ልጨምር። 40 ዓመት ያለፋት መኪና በታሪካዊ መደብ ከተመዘገበች የመንገድ ግብር አትከፍልም። በየቀኑ 12.50 ፓውንድ የሚያስከፍለው ዩሌዝ የሚባለው የለንደን የአየር ብክለት ክፍያም አይመለከታትም። ዋና ለውጥ ካልተደረገባት ዓመታዊው ምርመራ ግዴታ አይደለም፤ እኔ ግን አስመረምራለሁ። ልጆቼ የሚሳፈሩባት ናት። ቤንዚኑን በተመለከተ፣ ከ2021 ጀምሮ እዚህ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ይበላል። ውድ የሆነውን፣ ኤታኖሉ ከ5 በመቶ የማይበልጠውን ኢ5 ነው የምሞላው።

ስለ ቤንዚን ካነሳሁ፣ ጋሼ የጠየቁኝን መንገር ረስቼ ነበር። ገዝቼ ስደውልላቸው እንኳን ደስ ያለህ ከማለታቸው በፊት «ቴስታታው ያለ እርሳስ ቤንዚን ይችላል?» አሉ። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው! እርሳስ ያለበት ቤንዚን እዚህ በ2000 ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ በድሮ ቴስታታ፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ላይ፣ የቫልቭ መቀመጫው በጠንካራ ብረት መቀየር አለበት። የእኔው ተቀይሯል፤ ደረሰኙ ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር አለ። አነበብኩላቸው። «በል ተባረክ» አሉኝ። «ግሪስ አትርሳ።» የፊት እግሯ በየ3 ሺህ ማይሉ ግሪስ ይፈልጋል። አልረሳሁም።

በ6,900 ነው የተስማማነው። ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። የግራ ባሌስትራዋ ደክሞ ወደ አንድ በኩል ታዘነብል ነበር፤ ሁለቱንም ቀየርኩ። ሌላ ከባድ ነገር አልገጠመኝም። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ትወስደናለች። በኅዳር ዝናብ በርሚንግሃም ደርሳ ተመልሳለች። ጣሪያው ላይ የዝናቡ ድምፅ አገር ቤት ቆርቆሮ ሥር ተኝቼ የምሰማው ነው፤ ሁለቱ ልጆች ከኋላ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

አሁን የቀረኝ የኋላው በር ጎማ ነው። አርጅቶ ደርቋል። ቆማችሁ ሞተሩ ሲሠራ የማርሚታ ሽታ በእሱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ በተለይ ልጅ ከኋላ ካለ። ስለዚህ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹን አልጭንም። አዲሱን አዝዣለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል ተብያለሁ። ቅዳሜ ጧት አሮጌውን አንሥቼ፣ እነዚያን ሁለት እብጠቶችም ፈግፍጌ፣ ማግኔቷን አንድ ጊዜ ደግሜ አስኬድበታለሁ።